ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የሚመጣ ጎርፍ
ስለ ቆላ ክረምት፣ ስለ ነፋስና ስለ ሰደድ እሳት በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ይህን ንግግር ታትሞ በእጃችሁ የያዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩና እለፉ። ኋላ ትመለሱበታላችሁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የሠለጠንኩትም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። የአየር ጠባይ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ሊቃውንቱ የሚያወጡትን ትንበያ አንብቦ ለሰፈሩ ሰው ማስረዳት የመምህር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቆላ ክረምት ነው። ቆላ ስል ድሬዳዋን፣ ሽንሌን፣ ኤረርን፣ የአዋሽን ሸለቆ፣ አፋርን ማለቴ ነው። በረሃማ አገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለ ውሃ እጦት ይወራበታል። ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ረጅም መንገድ ይሄዱበታል። ታዲያ በዚህ አገር ሰውን በብዛት ከሚገድሉት የክረምት አደጋዎች አንዱ ውሃ ነው ብላችሁ የምትስቁ ትኖሩ ይሆናል። አትሳቁ።

በድሬዳዋ ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ወንዝ እንበለው እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ቀን ውሃ የለውም። አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመልና አህያ ይሄድበታል። የቀፊራ ገበያም ከዳርቻው ነው። ወንዙ እንዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም ሲል ሰው ወንዝነቱን ይረሳል። በዳርቻው ቤት ይሠራል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ሌሊት ሕዝቡ ተኝቷል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ግን ከባድ ዝናብ ወርዷል። ያ ውሃ በየሸለቆው ተጠራቅሞ፣ ድንጋይና ግንድ እየገፋ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በደቻቱ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ብዙዎቹ የሞቱት ከመኝታቸው ሳይነሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጎርፉን ያመጣው ዋናው ዝናብ የወረደው የት ነው? ተራራው ላይ ነው። የሞተው ሰው የት ነው? ሜዳው ላይ ነው። የዛሬው ነገር ሁሉ ከዚህች ልዩነት ይነሳል። የቆላ ሰው በራሱ ቤት ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ መተኛት አይችልም።

ይህ በድሬዳዋ ብቻ የሆነ አይደለም። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች አገር የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ገደለ። ዳሰነችም ደረቅ ቆላ ነው። የኦሞ ውሃ የተጠራቀመው ግን ሩቅ ካለው ደጋ ነው። አዋሽንም ተመልከቱ። አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሸዋ ደጋ የዘነበው ዝናብ በነሐሴ ወር አሚባራንና ዱብቲን፣ አይሳኢታን ያጥለቀልቃል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአፋር በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ያፈናቀለ ጎርፍ እንዲህ ያለው ነው።

ነገር ግን የሁለቱ ወንዞች ጠባይ አንድ አይደለም። አዋሽ ረጅም ነው፤ ውሃው ከደጋ አፋር እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ወሬው ከውሃው ይቀድማል። ከብት ለማንሳት፣ እህል ለማውጣት ጊዜ ይገኛል። ደቻቱና እሱን የመሰሉ ደረቅ ወንዞች ግን አጭርና ቁልቁለት ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከላይዋ ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ቁልቁለት ውሃ ቀን አይቆጥርም። ሰዓት ቢሰጣችሁ እንኳ ብዙ ሰጣችሁ።

አንዳንድ ሰው «የደረቀ መሬት ውሃ ይጠማዋል፤ የዘነበውን ሁሉ ይጠጣዋል» ይላል። ለቀስታ ዝናብ እውነት ነው። ለዶፍ ግን አይሠራም። የደረቀ ቁርበት ላይ ውሃ ብታፈሱበት ምን ይሆናል? ተንሸራቶ ይወርዳል። ለመራስ ጊዜ ይፈልጋል። ፀሐይ ያደረቀው፣ ዛፍና ሣር የሌለው ኮረብታም እንደዚያው ነው። ውሃውን ሳይጠጣ ያወርደዋል።

አሁን ወደ ትንበያው ቋንቋ እንምጣ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን በሬዲዮ ትሰማላችሁ። አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ሚ-ሊ-ሜ-ት-ር። ዝናብ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። በቀን ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ባለሙያዎቹ ከባድ ዝናብ ይሉታል። 30 ሚሊ ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። በማስመሪያ ብትለኩት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጣት አይሞላም።

ግን እስቲ እናስላው። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ቦታ አስቡ። በዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 30 ሊትር ሆነ። አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። አንድ ሄክታር መሬት 10,000 እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉት። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ወረደ። በ20 ሊትር ጀሪካን ስናካፍለው 15,000 ጀሪካን ነው! አንድ ሄክታር ብቻ ነው ያልኳችሁ። ተራራው ስንት ሄክታር ነው? እሱን እናንተው ገምቱት። የዚያ ሁሉ ኮረብታ ውሃ አንድ ጠባብ የወንዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያክል አሁን ይታያችኋል።

ሌላው ቃል «መደበኛ» ነው። ትንበያው «በዚህ ክረምት በምሥራቁ ክፍል ከመደበኛ በታች ዝናብ ይጠበቃል» ሊል ይችላል። መደበኛ ማለት የብዙ ዓመት ዝናብ ተደምሮ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። ይህ የሚናገረው ስለ መላው ወቅት፣ ስለ ሰፊ አገር ነው።

በጎልማሶች ክፍል አንዲት እናት፣ «መምህር፣ ከመደበኛ በታች ካሉ ዘንድሮ ጎርፍ የለም ማለት አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ለስንት ቀን ይበቃዎታል?» አልኳቸው። «ከተቆጠበ ለሁለት ሳምንት» አሉ። «ልጁ መጥቶ ኪሎውን በሙሉ ባንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ቢገለብጠውስ?» ሳቁ። ገባቸው። የክረምቱ ዝናብ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ያ ትንሽ ዝናብ ግን በሁለት ሌሊት ተገልብጦ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ድርቁም ጎርፉም ባንድ ዓመት ይመጣሉ። ለከብቱ ሣር ሳይበቅል ቤቱ ይወሰዳል። ስለዚህ የወቅቱን ትንበያ ለግጦሽና ለእርሻ ስሙት። ለሕይወታችሁ ግን የዕለቱን ስሙ። ሲሰሙም የራስን አገር ብቻ ሳይሆን፣ «በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች» ሲባል ጆሮ መቀሰር ነው። የአፋር ሰው ደግሞ ስለ ሸዋና ስለ ወሎ ደጋ ሲነገር ይስማ። የላይኛው አገር ወሬ የታችኛው አገር ትንበያ ነው።

በነገራችን ላይ ክረምት ለሁሉም ቆላ አንድ አይደለም። በደቡባዊው የሶማሌ ምድር፣ በኦጋዴን በኩል፣ ዝናቡ የሚዘንበው በጸደይና በበልግ ወራት ነው፤ ጉና ደይር ይሏቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ሐጋ ነው፤ ደረቅና ነፋሻ። በዚያ ያላችሁ አድማጮች ስለ ጎርፍ የተናገርኩትን ለዝናብ ወራታችሁ አቆዩት።

ሬዲዮ ባይኖርስ? ተራራው ራሱ ይናገራል። በቆላ ክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ መሬቱን ታግላለች። የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በተራራው ጫፍ ላይ ደመና ይሠራል። ከቀትር በኋላ ያ ደመና ይቆለላል፤ ሥሩ ይጠቁራል። ዝናቡም ወደ ማታና ሌሊት ይወርዳል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ ሲብለጨለጭ ካያችሁ፣ በእናንተ ሰፈር አንዲት ጠብታ ባትወድቅም፣ ያን ሌሊት አሸዋው ላይ አይተኛም። አሸዋ ለመኝታ ይመቻል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ሁሉ ይወደዋል። ይህን ምቾት ነው የምፈራው።

ጫት ጭነው ከደጋ የሚወርዱ ሾፌሮችም ጥሩ መልእክተኞች ናቸው። «ላይ ዘንቧል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። አሁን ደግሞ ስልክ አለ። ከላይ አገር ዘመድ ያለው ሰው ቢደውል በደቂቃ ይሰማል።

ጎርፉ ሲቃረብ ምልክት ይሰጣል። ቀጭን የነበረች ውሃ ትደፈርሳለች። አረፋ፣ ጭራሮና ፍግ ይዛ ትመጣለች። ከሩቅ የከባድ መኪና ጉርምርምታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ይህን የሰማ ሰው ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ይውጣ። በወንዙ ሆድ ውስጥ ወደ ታች አይሩጥ፤ ውሃው ይቀድመዋል። ልጅ ይያዝ፣ አዛውንት ይደገፍ። ለፍየል፣ ለፍራሽ፣ ለዕቃ አይመለስም። ፍየል ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ የቤቱ ሀብት እሷ ልትሆን ትችላለች። ግን ለፍየል ተመልሶ የቀረ አባት ለልጆቹ ፍየልም አባትም አይሆንላቸውም።

ስለ መሻገርም ልናገር። አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሳል። ባጃጅማ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ደግሞ ሥሩ መንገድ ይኑር ጉድጓድ አይታይም። ባለ ባጃጆች፣ ተሳፋሪው ቸኩሏል ብላችሁ አትግቡ። ይህ ጎርፍ ቶሎ እንደመጣ ቶሎ ይጎድላል። ጠብቁት። ተማሪዎቼን «ውሃው ካለ ትምህርት ቤት ብትቀሩ አልቆጣም» ብያቸዋለሁ።

ከጎርፉ በፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። ከባድ ደመና ዝናቡን ሲለቅ ቀዝቃዛ አየር አብሮ ይወርዳል። መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል፣ አቧራውን አንስቶ እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። እየጋለ የዋለው አየር በድንገት ቀዝቀዝ ካለና ከተራራው በኩል ቡናማ ግድግዳ ከታየ፣ ማዕበሉ ቅርብ ነው። የምትነዱ ከመንገድ ወጥታችሁ ቁሙ። የላላ ቆርቆሮ በምስማር ይመታ፤ የበረረ ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣል። በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መጫን የተለመደ ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ግን ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል።

መብረቅም አለ። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ዘጠኝ ቆጥራችሁ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከሰማችሁ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ። በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ግራር ሥር አትጠለሉ። በሜዳው ረጅሙ እሱ ነው፤ መብረቅም ረጅሙን ይፈልጋል። እረኞች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ልጅ የሚሮጠው ወደዚያው ዛፍ ነውና።

ከዝናቡ ወር በፊት ስላለው ወር ሳልናገር አላልፍም። ግንቦትና ሰኔ በድሬዳዋም በአፋርም እጅግ የሚሞቅባቸው ወራት ናቸው። ሣሩ ደርቋል፣ ነፋስ አለ፣ ዝናቡ ገና ነው። ሰደድ እሳት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብዙ ሰው እሳት የሚበረታው በድርቅ ዓመት ይመስለዋል። በቆላ ግን ድርቅ ሲበረታ ሣር አይበቅልም፤ እሳቱ የሚበላው ያጣል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ምክንያት በአፋርና በሲቲ ዝናብ ሲጠፋ ከብቱ ያለቀው ሣር በማጣት ነው። ይልቁን ጥሩ ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ ሣሩ በዝቶ በቅሎ ሲደርቅ ነው እሳት የሚያሰጋው። የጥጋብ ዓመት ሣር የሚቀጥለው ሙቀት ማገዶ ነው።

እሳት ምን ያህል እንደሚከፋ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና አይተናል። ያ ደን እንጂ የበረሃ ሣር አልነበረም። ከ100,000 ሄክታር በላይ ተቃጠለ፤ ከውጭ አገር ባለሙያ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር፤ እሳቱን በመጨረሻ ያጠፋው ግን ዝናብ ነው። የእኛ ሣር ሲቃጠል ያን ያህል ወሬ የለውም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። የተቃጠለው ግን እስከ ዝናቡ ድረስ ላሟ የምትበላው ነው።

አብዛኛውን እሳት የሚያስነሳው ሰው ነው። ከሰል የሚያከስል፣ ማር የሚቆርጥ፣ ሻይ አፍልቶ የሚሄድ። አመድ ያታልላል። ላዩ ግራጫ ሆኖ ሥሩ ፍም ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይነሳል። አፈር አልብሱት፣ ውሃ ካለ አፍስሱበት፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት እስኪያጡ ድረስ አትሂዱ። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ሣር ለማደስ ብሎ መለኮስ ይቅር። በቤትና በበረት ዙሪያ ደግሞ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ሣር የተነሳበት ባዶ አፈር ይኑር። እሳት አፈር አይበላም።

እሳት ከከበባችሁ ከነፋሱ ጋር አብራችሁ አትሩጡ፤ ወደዚያው ነው የሚሄደው። ዳገትም አትውጡ፤ እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ከጎርፉ ተቃራኒ ነው፣ ልጆች እንዳይምታታባቸው ለይታችሁ ንገሯቸው። ወደ ጎን ሄዳችሁ ባዶ አፈር፣ መንገድ ወይም ቀድሞ ተቃጥሎ የጠፋ መሬት ፈልጉ። ደረቁ የወንዝ አሸዋ ያን ቀን መጠጊያ ይሆናል። ሰማዩን ግን እዩት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ከደጋ በኩል፣ ከወንዛችሁ ራስ አጠገብ የሚኖር ሰው አስቡ። ዘመድ ይሁን፣ ደንበኛ ይሁን፣ ሾፌር ይሁን። ስሙን በራሳችሁ እጅ ጻፉ። ከሥሩ የስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፉ፤ አንብባችሁም አመሳክሩት። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪው ያልቃል፤ ቁጥሩ በደብተር ካለ ከጎረቤት ስልክ ይደወላል። ከዚያ ገጹን ገንጥላችሁ ልጆችም በሚያዩት ቦታ፣ በበሩ ውስጠኛ በኩል ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ማን የማንን ቁጥር እንደጻፈ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።